ቀለም በኪሎ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ብሎ ያለፈው ሰው የዘንድሮን የሥጋ ዋጋ አላየም። ቢያይ ኖሮ አጥንቱን ትቶ «በጥቅምት አንድ የአንገት ልብስ» ይል ነበር። ሥጋው አልቀመስ ብሏል፤ ብርዱ ግን ኑሮ ተወደደ ብሎ አልቀረም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ መሆኗን እኛ ነዋሪዎቿ የምናስታውሰው፣ ንጋት ላይ የአውቶቡስ ሰልፍ ይዘን ውርጩ በኮሌታችን ሲገባ ነው። አራት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ሁሉን ረስተን ጃኬታችንን ክንዳችን ላይ አንጠልጥለን እንሄዳለን።

ባለቤቴ ከቤት የምትወጣው ከዚያች ፀሐይ በፊት ነው። የአንገት ልብስ አላት፤ ረጅም፣ ጫፉ ዘርፍ ያለው፣ የሚያምር። ጣጣው ያ ጫፍ ነው። የሚኒባስ በር ይይዘዋል፣ አጠገቧ ያለው ሰው ይቀመጥበታል፣ አንዳንዴም የረዳቱ እጅ ከሒሳቡ ጋር አብሮ ይጎትተዋል። ስለዚህ ጫፍ የሌለው ልሠራላት ተነሣሁ፦ ዙሪያው የገጠመ፣ በአናት የሚጠለቅ፣ በኪሮሽ የሚሠራ፣ ከላይ እስከ ታች ቀለም በቀለም የሆነ ባለ መስመር። መስመሩን የመረጥኩት ግን እኔ አይደለሁም፤ ኪሴ ነው።

ክሩን ያገኘሁት መርካቶ ነው። ክር ሲባል ሰው የሚታየው መደርደሪያ ላይ በየቀለሙ ተደርድሮ ወገቡ ላይ ወረቀት የታሰረለት ጥቅል ነው። እሱ ዋጋው ሌላ ነው። እኔ የምለው ደጃፍ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅጥቆ በኪሎ የሚሸጠውን ነው፤ ግማሹ ያለቀ ጥቅል፣ ተተርትሮ የተጠቀለለ አሮጌ ሹራብ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቁርጥራጭ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ከሽንኩርት ይረክሳል። መርካቶ ገብቶ ሳይከራከሩ መውጣት ሻጩንም ማስቀየም ስለሆነ ግን ለወጉ ያህል ትንሽ አስቀነስኩ።

«ፋዘር፣ ይሄ እኮ ንጹሕ የእንግሊዝ ሱፍ ነው» አለኝ ልጁ።

«በዚህ ዋጋ?»

«ካላመኑ ያቃጥሉት!» ብሎ ላይተሩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

ክርን በእሳት መፈተን የቆየ ዘዴ ነው። ሱፍ ከሆነ ጸጉር የተቃጠለ ያህል ይሸታል፤ እሳቱን ሲያርቁለት ራሱ ይጠፋል፤ አመዱንም በጣት ቢያሹት ይደቃል። ጥጥ ከሆነ የወረቀት ሽታ አለው፤ የሚተወው ብን የሚል ግራጫ አመድ ነው። አክሪሊክ ግን እየነደደ ይቀልጣል። ጥቁር ጭስ እያወጣ ይሟሟና ሲቀዘቅዝ ጫፉ ላይ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይቋጥራል፤ ጣት ቢያሸው አይደቅም። ከከረጢቱ አንዲት ቁራጭ ሳብኩና ለኮስኩ። ቀለጠች። እኔና ልጁ ጫፏ ላይ የቋጠረውን ጥቁር ፍሬ አብረን አየነው።

«የእንግሊዝ በግ እንዲህ ነው የሚቀልጠው?» አልኩት።

ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም። «የብርድ አገር በግ ነው ፋዘር፤ ሙቀት አልለመደም።»

ለዚህች መልስ ብቻ ተጨማሪ ግማሽ ኪሎ ገዛሁ።

ደግሞስ አክሪሊክ ምን አጠፋ? ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦርሎን ብሎ የሰየመውን የመጀመሪያውን አክሪሊክ የፈለሰፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ነው፤ ዛሬ የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች ነው። ከቤንዚን ጋር ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው፤ ያኛው በየጊዜው ሲጨምር ይሄኛው ለምን በማዳበሪያ ከረጢት ደጃፍ ላይ እንደወደቀ ለማሰብ ጥሩ ሰልፍ ያስፈልጋል፤ ማደያ ላይ ደግሞ ሰልፍ አይጠፋም። ሱፍ ብል ይበላዋል፤ አክሪሊክን ብል ቀምሶ ይተወዋል። ሱፍ ሙቅ ውሃና ሳሙና ያገኘው ዕለት ተኮማትሮ የአባት ሹራብ ለልጅ ይሆናል፤ አክሪሊክ ታጥቦ ያው ነው። የሚፈራው ካውያ ብቻ ነው። ካውያ ካረፈበት ለዘለዓለም ይተኛል።

ከረጢቱን ቤት ወስጄ ምንጣፍ ላይ ስዘረግፈው ነው የመስመር ነገር የገባኝ። ከየትኛውም ቀለም አንድ ሙሉ የአንገት ልብስ የሚወጣው ክር የለም። ቡናማው ደህና ነው፤ ቢጫው ግማሽ ጥቅል፤ አረንጓዴው ሁለት ዓይነት፤ ቀዩ ጭራሽ የልጅ ካልሲ አይሞላም። አረንጓዴዎቹ በመብራት አንድ ናቸው፤ በፀሐይ ሲታዩ ተጣልተዋል። ሱቅ ውስጥ ያለው ጥቅል ወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የተነከረበት ዙር ቁጥር የሚጻፍበት ለዚህ ነው፤ ያው ቀለም ሁለት ጊዜ ቢነከር ሁለት ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ከአንድ ዙር የወጣ የሚበቃውን ያህል ገዝቶ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ይለብሳል። ገንዘብ የሌለው ሰው ቢጫው ባለቀበት ላይ ቡናማ ይቀጥላል፤ ቡናማው ባለቀበት ላይ አረንጓዴ፤ ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ አይቶ «ዲዛይን ነው» ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ በዓለም ላይ ካለው ባለ መስመር ልብስ እኩሌታው የተወለደው እንዲህ ነው። ጌጥነቱ በኋላ የመጣ ማዕረግ ነው።

ከሁሉ የበዛው ሐምራዊ ነበር። ርካሽ ክር ውስጥ ሐምራዊ አይጠፋም፤ ሰው ሁሉ የሚያደንቀውና ማንም የማይገዛው ቀለም ስለሆነ ይመስለኛል። የጥንቶቹ ነገሥታት ይህን ቢያዩ ያለቅሱ ነበር፤ ለእነሱ ሐምራዊ ማለት ከባሕር ቀንድ አውጣ በጥቂት በጥቂቱ የሚጨመቅ፣ ዋጋው ከወርቅ የሚፎካከር ቀለም ነበር። ከዙፋን ያወረደው አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት እንግሊዛዊ ተማሪ ነው። ዊሊያም ፐርኪን በ1856 ለንደን ቤቱ ውስጥ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ኪኒን እሠራለሁ ብሎ፣ ለወባ መድኃኒት ማለት ነው፣ ሲቀላቅል ያገኘው ጥቁር ዝቃጭ ነበር። ያን በአልኮል ሊያጥብ ሲል ሐምራዊ ሆኖ ወጣ። ወባዋ አልተነካችም፤ ልጁ ግን ፋብሪካ ከፍቶ ሀብታም ሆነ፤ ሐምራዊም ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በመጨረሻ የእኔ ምንጣፍ ላይ ተዘረገፈ።

አሁን ቅደም ተከተሉ መጣ። ቀላል ይመስላል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አሉኝ፤ በተርታ ላስቀምጣቸው? አይሆንም። የአንገት ልብስ እየሠራሁ ነው እንጂ መግለጫ እያወጣሁ አይደለም። ባለቤቴ ሰልፍ ላይ በቆመችበት አንዱ «ኮከቡስ?» ይላታል፤ ሌላው «ኮከቡ ለምን?» ይላል፤ ሦስተኛው የአንበሳውን ነገር ያነሣል፤ አውቶቡሱ ሲመጣ ማንም አያየውም። ስለዚህ በአረንጓዴውና በቢጫው መሃል ሐምራዊ ገባ። ሐምራዊ ማንንም አያስቆጣም።

ከቢጫው ቀጥሎ ቡናማ አደረግሁ። ሁለቱ አብረው ያምራሉ፤ ክሩም የበዛው በዚያ በኩል ነው። ይህን ሳደርግ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር፤ ፎቅ ላይ የሚኖረው ጎረቤቴ ሲወርድ አየና ቆመ። የጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ ነው፤ ደጋፊ ብቻ ማለት ያንሰዋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቡና ነዎት እንዴ?»

«ምን?»

«ቡናማና ቢጫ!» አለ፣ እጄ ላይ ያለውን በአገጩ እያሳየ። የኢትዮጵያ ቡና ክለብ ማልያ ቀለም መሆኑ ያን ጊዜ ታየኝ። የተገዛው በኪሎ ነው ብል አልሰማኝም። ለረጅም ጊዜ በሰላም ኖረን ይህን ደብቄው እንደነበር ሁሉ፣ አንዴ እኔን አንዴ ክሩን እያየ ወረደ።

ሌሎቹ ጎረቤቶች ደግሞ ነገራቸው ከቀለሙ አይደለም። «ወንድ ልጅ ኪሮሽ?» ነው። አፍ አውጥተው የሚሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ሌሎቹ ቆም ብለው እጄን ካዩ በኋላ «የባለቤትዎ ነው?» ይሉኛል፣ ለአፍታ ይዤላት ይመስል። ይህ አገር ሸማ የሚለብሰው ከማን እጅ እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም። የዶርዜ ሸማኔ ወንድ ነው፤ ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ሆኖ ነው የኖረው። ሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን ጥበብ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያውን ሲወረውር የሚውለው ወንድ ነው፤ እሱን ማንም «የባለቤትህ ነው?» ብሎት አያውቅም። የክሩ ነገር አንድ ሆኖ መሣሪያው ሲያጥር ነው እንግዲህ ወንድነቱ የሚጠፋው። ሰለሞን ባረጋ በ10,000 ሜትር ወርቅ ባመጣበት በዚያው የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ ቶም ዴሊ የሚባለው እንግሊዛዊ የውሃ ዝላይ ተወዳዳሪ የራሱን ወርቅ ካገኘ በኋላ ተመልካቾች መሃል ቁጭ ብሎ ሹራብ ሲሠራ ዓለም አይቶታል፤ ለሜዳልያውም እንዳይቧጨር ከረጢት ሠርቶለታል። ይህን ለአንዷ ጎረቤቴ ነገርኳት። «እሱማ ወርቁን ካገኘ በኋላ ነው» አለችኝ።

በቤታችን ሥራው የሴት ነበር፤ ያም ዳንቴል ነው። የዚያ ዘመን ልጅ የሆነ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሬዲዮኑ ዳንቴል ይለብሳል፤ ቡፌው ይለብሳል፤ የሶፋው ክንድ፣ የሶፋው ጀርባ፣ ቴሌቪዥኑ ከነጀርባው ይለብሳል፤ ዜና ሲደርስ ከፊቱ ላይ ገለጥ ይደረግለታል። እናቴ የአበባ ቅርጽ ያለውን በስኳር ውሃ ነክራ ዘርግታ ታደርቀው ነበር፤ ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ክብር አለው። ጉንዳን ግን ክብር አያውቅም፤ በዝናብ ወራት ከበሩ እስከ ቡፌው ሰልፍ ይዞ ይመጣ ነበር።

እኔን ግን ያስተማረችኝ እናቴ አይደለችም፤ አጎቴ ነው። በደርግ ጊዜ ታስሮ እዚያው የተማረው ነው። ስለ እስሩ ብዙ አይናገርም፤ ስለ ኪሮሹ ግን ይናገራል፦ ከብስክሌት ራጅ ተሞርዶ፣ ጫፉ ሲሚንቶ ላይ ተፍቆ የተሠራ ነበር፤ ክሩም ከሚለብሱት ሹራብ የተተረተረ። በዚያ የሠራት የልጅ ኮፍያ በስንቅ ዕቃ ውስጥ ሆና ወደ ቤት መጥታለች፤ የአክስቴ ልጆች ተራ በተራ ለብሰዋታል። እሷም ባለ መስመር ነበረች። የስንት ሰው ሹራብ እንደነበረባት በመስመሮቿ ይቆጠር ነበር።

እንግዲህ የጀመርኩትን አምጥቼ ያሳየሁት ለእሱ ነው። መነጽሩን አደረገና ሰንሰለቱን እንደ መቁጠሪያ በጣቶቹ መሃል አሳለፈው።

መጀመሩ ነው ዋናው ሥራ። ሸምቀቆ ትሠራለህ፤ ኪሮሹን ታስገባለህ፤ ክሩን ጣል አድርገህ በሸምቀቆው ውስጥ ትስባለህ፤ አንድ ቀለበት። እንደገና፤ ሌላ ቀለበት። ይህ ሰንሰለት ነው፤ ልብሱ ሁሉ የሚያርፈው በሱ ላይ ነው። ለዳንቴል ክር የሚሆነው ኪሮሽ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቀጭን ብረት ነው፤ ለእንዲህ ያለው ወፍራም ክር 5 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። አዋቂ ሰው ደግሞ ሰንሰለቱን ብቻ ከዚያም በወፈረ ኪሮሽ ይሠራዋል፤ ምክንያቱም ሰው ሲጀምር እጁ ይጨብጣል፤ ጠበቅ ያለ ሰንሰለት ላይ የተሠራ ልብስ ከታች እንደታነቀ ይቀራል። ርዝመቱን የሚወስነው አንገት ይመስላል። አይደለም። ጫፍ የሌለው ነገር በአናት ነው የሚገባው፤ ስለዚህ የሚለካው ራስ ነው። በኛ ቤት ደግሞ ራስ ብቻ አይበቃም፤ ጸጉሩም አለ። ባለቤቴ ሹሩባ የተሠራች ሰሞንና ጸጉሯን የፈታች ሰሞን ሁለት ሰው ናት። በፈታችው ለካሁ።

ከዚያ ማጋጠሙ ነው። ሰንሰለቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ፣ ጉንጉኑ በሙሉ ወደ ላይ መዞሩን በጣትህ ተከትለህ አይተህ፣ የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ታያይዛለህ። መሃል ላይ አንዴ ብቻ ከተጠማዘዘ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ብትጎትተው ብትዘረጋው ጠመዝማዛው ከቦታ ቦታ ይሄዳል እንጂ አይወጣም። በ1858 ሞቢየስ የሚባል ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ አንድ ገጽ ብቻ ያለው ቀለበት ብሎ የጻፈበት ነገር ይህ ነው። የእህቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ ሆን ተብሎ ተጠማዝዞ የተሠራ የአንገት ልብስ ፎቶ አሳየችን፤ ፋሽን ነው፣ አንገት ላይ ያምራል።

አጎቴ ፎቶውን አየና «ይተርተር» አለ።

«ጋሼ፣ በገንዘብ የሚሸጥ እኮ ነው!»

«ይተርተርና ይሸጥ።»

የእኔ አልተጠማዘዘም። እሱ ግን ዙሪያውን በጣቱ ሳይከተል አላመነኝም።

ሌላው የሱ ትምህርት የጫፍ ነገር ነው። ቀለም በተለወጠ ቁጥር የአሮጌው ክር ጫፍና የአዲሱ ክር ጫፍ ይንጠለጠላሉ። እነዚህን በወፍራም መርፌ በልብሱ ሆድ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አመላልሶ መቅበር ያስፈልጋል፤ አክሪሊክ ደግሞ ያንሸራትታል፤ ተቀበረ ያልከው ከታጠበ በኋላ ብቅ ይላል። የርካሽ ክር ዕዳ ያለው እዚህ ነው፤ ሻጩ ያልጠየቀህን ዋጋ ጫፎቹ ይቀበሉሃል። መስመሩ በበዛ ቁጥር ጫፉ ይበዛል፤ የኔው ደግሞ ከውስጥ ሲታይ ጢም አብቅሏል። እየሠሩ መቅበር ነው እንጂ በኋላ ማለት ሞኝነት ነው ይላል አጎቴ። አሮጌው ጫፍ ላይ አዲሱን ዙር ጨምሮ መሥራት ነው፤ እዚያው ይዋጣል።

ዙሪያውንም እንዲሁ ያለ ማቋረጥ ከዞሩት፣ መንገዱ ክብ መሆኑ ቀርቶ ደረጃ ይሆናል፤ የቀለሙ መጀመሪያና መጨረሻ አይገናኙም፤ አንዱ ከሌላው አንድ እርምጃ ከፍ ይላል። ለዚህ ብልሃት አለው፤ እያንዳንዱን ዙር ዘግቶ በአዲስ ሰንሰለት መነሣት ነው። ያም ስፌቱን ጥቂት ያሳያል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብዬ ጠየቅሁት።

«በማጅራት በኩል አድርገው፤ ጸጉር ይሸፍነዋል» አለ። ጸጉሯን መለካቴ ለዚህም ጠቀመ።

ባለቤቴ በበኩሏ በሌላ በኩል ትቆጥራለች። ይሄን ያህል ሰዓት፣ በይሄን ያህል ብር ቢታሰብ፣ ቡቲክ ውስጥ የተሰቀለውን መግዛት አይቀልም ነበር? ይቀላል። ግን እዚህ ላይ ኪሮሽ ከሹራብ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ሹራብን ማሽን ይሠራዋል፤ እውነተኛውን የኪሮሽ ሥራ ግን የፋብሪካ ማሽን እስከ ዛሬ አልቻለውም። ቡቲክ ውስጥ በርካሽ የተሰቀለውም በሰው እጅ ነው የተሠራው፤ የሆነ አገር ያለች ሴት ቀለበት በቀለበት ስባዋለች። ዋጋው ከዚያ ሁሉ መርከብና ቀረጥ በኋላ እንዲያ ከረከሰ፣ ለእሷ ምን ደረሳት? የመርካቶው ልጅ ውሸት ከዚህ አንጻር ንጹሕ ነበር፤ ቢያንስ በግ አልተበደለም።

ሥራው አሁን አራት ጣት ያህል ቁመት ደርሷል፤ ቡናማው እየሳሳ ነው። ባለፈው እሑድ ጨዋታ ካለቀ በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤቴ ነው። እጁ ላይ ግራጫ ክር፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ።

«የድሮ ሹራቤ ነው፤ እናቴ ተርትራ አስቀምጣው ነበር» አለ፤ ከዚያ ዝም ብሎ ቆየና «በቡናማውና በቢጫው መሃል ይግባ። ሁለቱ አብረው ካልሆኑ እኔም ባለቤትዎን ደረጃ ላይ ሳያት ሰላም እላታለሁ።»

ክሩን ተቀብዬ አየሁት። እውነተኛ ሱፍ ነው፤ ሳላቃጥለውም ያስታውቃል። ከኔው ቀጠን ስለሚል ሁለት እጥፍ አድርጌ ነው የምይዘው፤ ልብሱም ከእንግዲህ በሙቅ ውሃ አይታጠብም፤ አንዱ መስመር ተኮማትሮ ሌሎቹን እንዳያጨማድድ። ቡናማውንና ቢጫውን ከታች ጀምሬ ለያየኋቸው።

ሊወጣ ሲል በር ላይ ዞረና ለራሱ ኮፍያ አዘዘ። የምን ቀለም ብዬ አልጠየቅሁትም።